በጣም ረክቻለሁ

ሠላሳ ዓመት መሪ ይዣለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን «ደሞዝህ እንዴት ነው? እንዴት ይይዙሃል?» ብሎ የጠየቀኝ ኩባንያ አልነበረም። ዘንድሮ በወረቀት ተጠየቅኩ፤ እኔም በወረቀት ዋሸሁ። ታሪኩ ይኸው ነው። ግን እንዲህ በአጭሩ ከተውኩት እናንተም እንደ ባልደረቦቼ ጻድቅ ታደርጉኛላችሁና ቁጭ በሉ።

የኩባንያችን ግቢ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር ነው። አሥራ ዘጠኝ ሹፌሮች ነን። ከጅቡቲ ማዳበሪያ እናመጣለን፣ ከወለጋ በቆሎና ሰሊጥ እንጭናለን። ከመስመሮቹ ሁሉ ማንም የማይወደው አንድ አለ፤ በአንገር ጉቲን አልፎ ኪራሙ የሚያደርሰው። ያንን በተራ ነው የምንሄደው። ሌሎቹ ማለቴ ነው። እኔ ተራዬ በደረሰ ቁጥር ወገቤን ያመኛል፣ ሌላ ሰው ይተካኛል። የታወቀ ሕመም ነው፤ ኪራሙ የሚለውን ስም ሲሰማ ይነሳል።

የባለቤቴ የዓባይነሽ ታናሽ ወንድም እስክንድር ከእኛው ጋር ሹፌር ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ኪራሙ ማዳበሪያ ጭኖ እንደወጣ አልተመለሰም። እሱም አልተገኘ፣ መኪናውም አልተገኘ። ዓባይነሽ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ኪራሙ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን የአገሯን ስም አታነሳም። እኔንም ያን መንገድ እንዳልረግጥ መጽሐፍ ቅዱስ አስይዛ አስምላኛለች።

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ። ከአዲስ አበባ ወይዘሪት ሰናይት የምትባል የሰው ኃይል ኃላፊ ተላከችልን። ልጅ እግር ናት፣ ትሑት ናት፣ ሰላምታም ትሰጣለች። የስምሪት ኃላፊያችን በአሥር ዓመት አንድ ቀን እንኳ «እንዴት አደራችሁ» ብሎን ስለማያውቅ፣ እሷ «ደህና አደራችሁ?» ስትለን ልታባርረን መስሎን ደነገጥን። ሃያ ጥያቄ ያለበት መጠይቅ አደለችን። በደሞዝዎ ረክተዋል? በአበልዎ? በሚሰጥዎት ክብር? በሚሄዱበት መንገድ ደህንነት? ከእያንዳንዱ ሥር ከ«በጣም ረክቻለሁ» እስከ «በጭራሽ አልረካሁም» አምስት ሳጥን አለ።

«ስም አይጻፍም። ማን እንደሞላው እኔም አላውቅም» አለች። ሰብስቤ በፖስታ እንዳመጣላትም፣ በዕድሜ ታላቅ ነኝና፣ አደራውን ለእኔ ሰጠች።

ስም አይጻፍም! ኧረ ወዲያ! እኔ ሽብሩ በዚህ ዓለም ባለቤቱ የማይታወቅ ወረቀት አይቼ አላውቅም። ደግሞ በዚያው ሰሞን አንድ አዲስ መኪና መጥቶ፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ሳይገፈፍ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ለማን እንደሚሰጥ አልተነገረም። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ አልኩና ሃያውም ጥያቄ ላይ «በጣም ረክቻለሁ» የሚለውን ራይት አደረግኩ። ደሞዜ? በጣም። አበሌ? ያ በጅቡቲ ሙቀት ለውኃ እንኳ የማይበቃ አበል? በጣም! ምስጋናዬ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ደግሞ ከወረቀቱ አናት ላይ የመኪናዬን ታርጋ ቁጥር ጻፍኩበት።

ወረቀቱን ስሰበስብ ምን ባይ ጥሩ ነው? አሥራ ስምንቱም ላይ ታርጋ አለ። የነሱ እንደኔ ተንኮል አይደለም፣ ልማድ ነው። ሹፌር ነዳጅ ሲቀዳ ታርጋ ይጽፋል፤ ጭነት ሲረከብ፣ ጋራዥ ሲገባ፣ ኬላ ሲደርስ ታርጋ ይጽፋል። ወረቀት ፊቱ ካስቀመጥክለት ከገዛ ስሙ በፊት ታርጋው ይመጣለታል። ከታርጋው በታች ደግሞ የጻፉት ጉድ! በጭራሽ፣ በጭራሽ፣ በጭራሽ። ጂሬኛ የሚባለው ጸሎተኛው ባልደረባችን፣ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ሳጥኑ አልበቃ ብሎት ጀርባው ላይ «የስምሪት ኃላፊው ከሰው ቆጥሮን አያውቅም። የኪራሙን መንገድ እስቲ አንድ ቀን እሱ ይንዳው» ብሎ ጽፏል። አናቱ ላይ ታርጋው፣ ጥርት ባለ ቁጥር!

«እናንተ ሰዎች፣ ታርጋችሁን አጥፉ እንጂ» ማለት እችል ነበር። ወይም በመቀስ ጫፍ ጫፉን መቁረጥ። አሰብኩት። የሁሉም ከተቆረጠ የእኔም መቆረጡ ነው። ካልተቆረጠ ደግሞ፣ በአሥራ ስምንት አኩራፊ መካከል አንድ ደስተኛ ሰው እንዴት አያምር! ዝም አይነቅዝም ብዬ ፖስታውን አሽጌ ለወይዘሪት ሰናይት አስረከብኩ። አላፈርኩም አልልም፣ አፍሬያለሁ። ግን አዲሱ መኪና ኤሲ አለው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰበሰበችን። ታርጋ መጻፋቸውን ስትነግራቸው የሁሉም ፊት አመድ መሰለ። ጂሬኛ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መጸለይ ጀመረ። እኔ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከልኩ።

«አትደንግጡ፣ እንኳን ጻፋችሁ» አለች። «ማን ምኑ ላይ እንደተከፋ አወቅን።» ከዚያ ማስታወሻዋን አነበበች። በአበላቸው ላልረኩት ከዚህ ወር ጀምሮ ይጨመርላቸዋል፤ ለረኩት በሚቀጥለው በጀት ይታይላቸዋል። የኪራሙ መስመርም ከእንግዲህ በተራ አይደለም፤ የፈራ ሰው አይገደድም። «በመንገዱ ደህንነት በጣም ረክቻለሁ ያሉት አቶ ሽብሩ ብቻ ናቸው። ስለዚህ አዲሱን መኪና ተረክበው ከሰኞ ጀምሮ መስመሩን በቋሚነት ይይዛሉ።»

ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ጭብጨባ ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ግን የቆጡንም አውርጃለሁ እኮ! የፈለግኩትን ሰጥታኛለች፣ ምን ብዬ ላማርር?

«የኔ እመቤት፣ ሌላ ወረቀት አይኖርም?» አልኩ ቀስ ብዬ። «አንዷን ጥያቄ ላስተካክል ነበር።»

«ቀጣዩ መጠይቅ የዛሬ ዓመት ነው፣ አቶ ሽብሩ።»

ወገቤን ልጠራ አፌን ስከፍት ጂሬኛ ብድግ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ወረቀታችንን የሰበሰቡት ኦቦ ሽብሩ ናቸው» አለ። «ታርጋችንን አይተዋል። ቀደው ቢጥሉት ኖሮ ችግራችን የማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር፤ ዝም ብለው አደረሱልን። ያን መንገድ ደግሞ የማይፈራ አለ? የሚስታቸው ወንድም የቀረበት ነው! የነዚህ ልጆች ገና ናቸው፣ የኔ ራሳቸውን ችለዋል ብለው፣ በገዛ ራሳቸው ላይ ረክቻለሁ ብለው ፈረሙ። ገለቶማ፣ እናመሰግናለን ኦቦ ሽብሩ! ዋቅኒ ኢሲን ሃ ኤጉ! ፈጣሪ ይጠብቅዎት!»

ወይዘሪት ሰናይት መነጽሯን አወለቀች። «እውነት ነው አቶ ሽብሩ? እንዲህ ከሆነማ ይንገሩኝ። ካልፈለጉ እንደ ድሮው ሁሉም በተራ ይሂድ።»

አሥራ ስምንት ሰው አየኝ። አንድም ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፤ የገዛ ልጆቼም ጭምር። ወገቤ የሚባለው ነገር ከአፌ ጠፋ።

«ረክቻለሁ» አልኩ።

ቤት ስደርስ ዓባይነሽ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። ቀና ሳትል «ጂሬኛ ደውሎ ነበር» አለች። «እያለቀሰ። ባልሽ ራሱን ስለእኛ ሰጠ አለኝ። መሐላህን ያፈረስከው ለነሱ ብለህ ነው?»

እዚያ ግቢ ውስጥ የፈለግኩትን ያህል እዋሻለሁ። ከእሷ ጋር ግን ሃያ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ።

«አይደለም» አልኩ። «ለመኪናው ብዬ ነው። ታርጋቸውን አይቼ ዝም ያልኩትም ለመኪናው ነው። መንገዱ ለእኔ ይሰጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። አሁንም ከፈለግሽ ቁልፉን እመልሳለሁ።»

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ከመለስክ ቀጣዩ የኪራሙ ተራ የማን ነው?»

«የጂሬኛ።»

«እስክንድር የሄደ ቀንስ የማን ነበር?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን አልጠየቀችኝም። የማታውቅ ይመስለኝ ነበር። ሞኝ ነኝ፤ ወንድሟ ሊሰናበታት መጥቶ «ጋሼን ወገባቸውን አሟቸዋል» ሳይላት ይቀራል?

«የእኔ» አልኩ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«ከመሐላህ ፈትቼሃለሁ» አለች። እንባዋ በጨርቁ ላይ ይወርዳል፣ እጇ ግን መርፌው ውስጥ ክር ያስገባል። «ለማንም እውነቱን እንዳትናገር። እነሱ እንዳሉህ ሁን፤ ከዚያ በደህና ተመለስልኝ።»

ሰኞ ጠዋት የመውጫ ወረቀቱን ልወስድ ስምሪት ክፍል ገባሁ። አናቱ ላይ ታርጋዬን ጻፍኩ። ኃላፊው ከወንበሩ ተነሳ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ተነሳ!

«እንዴት አደሩ፣ አቶ ሽብሩ? ወገብዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አልኩት፤ እውነቴን ነበር።