በሰላም አርፈዋል

ሰገነት የ«ጋራ ማረፊያ»ን ደንብ ደጋግማ አንብባዋለች፤ ባነበበችው ቁጥር ግን ይበልጥ ይምታታባታል። ጥምቀት ሲቃረብ ባሕር ዳር በእንግዳ ትጨናነቃለች፤ ሆቴሉ ሁሉ ይሞላል። ስለዚህ ከተማው ትርፍ ክፍል ያለው ነዋሪ ክፍሉን ለመንገደኛ እንዲያጋራ ደንብ አወጣ፤ ሥልጠና ሰጠ፣ ፍራሽ አከፋፈለ፣ በር ላይ የሚለጠፍ ሰሌዳም አደለ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ሰገነትም ሰሌዳውን አስለጠፈች፤ ያለቻትን አንዲት ትርፍ ክፍል ቀለም አስቀብታ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ባልና ሚስት ቃል ገባች።

አባቷ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት በዚያው ሰሞን ከቆላ ድባ ለዓይናቸው ሕክምና እንደሚመጡ የሰማችው ከዚህ በኋላ ነው። ሮጣ ወደ ጋራ ማረፊያው ጽሕፈት ቤት ሄደች።

«አባቴን እንግዳ ብለህ መዝግብልኝ፤ ክፍሏን እሳቸው ይያዟት» አለችው ምዝገባ ላይ የተቀመጠውን ጌትነትን።

«ቤተሰብ እንግዳ አይባልም፤ ደንቡ አይፈቅድም» አላት ጌትነት በትሕትና። «ሌላ ሰው ቤት ከሆነ ግን እንግዳ ናቸው። ሰባታሚት ሰፈር ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ዘንድ ክፍል አለ። አይዞሽ፣ ከመናኸሪያ ተቀብዬ እኔው አደርስልሻለሁ።»

በልጃቸው ቤት ቦታ የላቸውም፤ በማያውቁት ሰው ቤት ግን የክብር እንግዳ ናቸው። ሰገነት ግራ ገባት፤ ግራ እንደገባትም እሺ ብላ ወጣች። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን የራሷን አልጋ ለአባቷ ለቃ መሬት አንጥፋ መተኛት ትችል ነበር። መሪጌታ ሌሊት ተነሥተው ዳዊት ይደግማሉ፤ ድምፃቸው ደግሞ ሰፈር ይቀሰቅሳል። የአዲስ አበባዎቹ ይረበሹብኛል ብላ ፈራች። ይህን ለጌትነት አልነገረችውም፤ ለራሷም ቢሆን አድበስብሳ ነው የነገረችው።

አባቷ በሚገቡበት ቀን ከፋብሪካ ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳ ጮኸ። መልእክት ነው፦

«ክብርት ወ/ሮ ሰገነት፤ አባትዎ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ዛሬ በሰላም አርፈዋል። አገልግሎታችንን ስለመረጡ እናመሰግናለን።»

«አባቴን! ዋይ አባቴን!» ብላ ስትጮኽ ጎረቤቷ እናትዓለም የምታጥበውን ልብስ ጥላ ደረሰች። ስልኩን ነጥቃ አነበበችና ደረቷን መታች።

«ኧረ ምን ጉድ ነው? መርዶ እንዲህ ነው የሚረዳው? ሽማግሌ የለ፣ ማለዳ የለ!» አለች። ከዚያ እንደገና አነበበችው። «የምን አገልግሎት ነው የመረጥሽው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ምናልባት ቀብሩንም ከተማው ያዘው ይሆናል።»

ሰገነት ስልኩን መልሳ ተቀብላ ጌትነት ዘንድ ደወለች።

«አባቴ… እውነት ነው?»

«አዎ፣ አርፈዋል» አለ ጌትነት፤ ድምፁ ደስተኛ ነው። «መንገዱ አድክሟቸው ነበር፤ እንደ ደረሱ አረፉ። ሁሉም ነገር ተሟልቶላቸዋል፤ ምንም አታስቢ።»

ምንም አታስቢ! ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል? ስልኩን ዘጋችበት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ከእናትዓለም ጋር ባጃጅ ውስጥ ገባች። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያቃጥላት፦ አባቷ የሞቱት በሰው ቤት ነው፤ ወደ ሰው ቤት የላከቻቸው ደግሞ እሷ ናት።

ሰባታሚት ሲደርሱ ከወይዘሮ ወለተ ኪዳን ግቢ ድንኳንም ለቅሶም የለም። መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ከዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ይታጠባሉ። የልጃቸውን ጥላ እንጂ ፊቷን ለመለየት ዓይናቸው አልቻለም፤ የነጠላዋን አለባበስ ግን በእጃቸው ዳስሰው አወቁት።

«ሰገነትዬ! ማን አርፎ ነው?»

«እርስዎ» አለች፤ ሳቋና እንባዋ ተደባልቆ። «እርስዎ አርፈዋል ተብዬ ነው አባባ።»

መሪጌታ ነገሩ ገባቸውና ፈገግ አሉ።

«እኔማ አርፌያለሁ፣ ልጄ። ካንቺ ቤት አላረፍሁም እንጂ።»

እናትዓለም ፊቷን አዞረች። ሰገነት ጎንበስ ብላ የአባቷን እግር በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች፤ ዳዊታቸው ያለበትን ማኅደር ከግድግዳው ላይ አውርዳ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችና እጃቸውን ያዘች።

«ይነሡ፣ ቤታችን እንሂድ። ከእኔ አልጋ ይተኛሉ።»

«እንግዶች አሉብሽ አይደል? እኔ እንደሆንሁ ሌሊት ዝም ማለት አልችልም።»

«አውቃለሁ አባባ» አለች ሰገነት፣ ነጠላዋን አስተካክላ እየለበሰች። «ይድገሙ፤ እንግዶቹም ይስሙ።»