የስለት ጠገራ

ሠናይት አንዷን ጠገራ ብር አጥርታ ሁለተኛዋን ማሸት ስትጀምር ልጇ ክርስቲያን ሳህኑን ከፊቷ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ወረወረው። ሎሚው፣ ጨውና ጥቁሩ እጣቢ በፍሪጁ ላይ ተንዠቀዠቀ። የቀሩት ብሮች እየተንከባለሉ ምድጃው ሥር ገቡ።

"ማሚ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"አታይም እንዴ? እያጠብኩ ነዋ!"

"ማን እጠቢ አለሽ!"

ማንም አላላትም። ማርትሬዛዎቹ የእናቷ ነበሩ፤ አሜሪካ ስትመጣ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ጡት መያዣዋ ውስጥ ሸጉጣ ነው ያሻገረቻቸው። ሌባ የማይደርስበት ቦታ መስሏት በቆርቆሮ አድርጋ ሲንኩ ሥር አስቀመጠቻቸው። ሌባስ አልደረሰባቸውም፤ ውሃ ደረሰባቸው። የሲንኩ ቱቦ ሲያንጠባጥብ ከርሞ ኖሮ፣ ጨርቁ በስብሶ ከብሮቹ ጋር ተጣብቆ፣ ከፊሉ አረንጓዴ ከፊሉ ከሰል መስሎ አገኘችው። ነገ ደግሞ ታኅሣሥ ገብርኤል ነው። ለገብርኤል ዝገት አይሰጥም። ስለዚህ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ከምታስታምማቸው አሮጊት ቤት አስፈቅዳ በጊዜ ወጣች፤ እናቷ የብር መስቀሏን ስታጸዳ እንደምታደርገው ሎሚ ጨምቃ፣ ጨው ነስንሳ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈተግ ያዘች።

ያላወቀችው ነገር ክርስቲያን ቆርቆሮውን ቀድሟት ማግኘቱን ነው። ፎቶ አንሥቶ ለአንድ የድሮ ሳንቲም ነጋዴ ልኮ ነበር።

"ሰውዬው ዛሬ ሊያያቸው እየመጣ ነው! እንዳትነኳቸው ብሎኛል። ክሊን ከተደረጉ ቫልዩ የላቸውም፤ ይገባሻል? የመኪናዬ መግዣ ዳውን ፔይመንት ነበሩ!"

"አንተ ማን ነህና ትሸጣለህ? የስለት ናቸው።"

"የምን ስለት?"

"ያንተ ነዋ!" አለች። "ከቫን ናይስ ስትመጣ ፍሪዌይ ላይ የተገለበጥክ ጊዜ፣ ዶክተሮቹ አይተርፍም ሲሉኝ፣ ገብርኤል ልጄን ካተረፍክልኝ የእናቴን ብር አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ይኸው ቆመህ ትጮህብኛለህ።"

ክርስቲያን አንገቱን ደፋ። ልቡ የተነካ መስሏት ነበር፤ እናት ሞኝ ናት። እሱ ግን ሳቀ።

"ለእኔ ከተሳልሽውማ የእኔ ነው!"

እጁን ዘረጋ። ሠናይት ሁለተኛዋን ብር ጨበጠችና እጇን ደረቷ ላይ ለጠፈች። ጣቶቿን ሊፈለቅቅ ሞከረ፤ እምቢ ሲለው አንጓዋን ይዞ ጠመዘዘው። አምና የሰበረው ያው ግራ እጇ ነው። ያኔ ዶክተሩን "ደረጃ ላይ ወድቄ ነው" ብላው ነበር፤ አሠሪዎቿንም እንዲሁ። አሁን ግን እስኪበቃት ጮኸች።

ጩኸቱን ሰምታ እህቱ ፍናን ከመኝታ ቤት እየሮጠች ወጣችና ጀርባው ላይ ተንጠለጠለች።

"ልቀቃት! እጇን ልቀቃት!"

በክርኑ ወደ ኋላ አፏን መታት። ከንፈሯ ተተረተረ፤ ደሙ ነጭ ሹራቧ ላይ ወረደ። እናቱን ሲገፈትራት ጎኗ ክፍቱን የሲንክ ሣጥን በር ገጭቶ፣ እጣቢው ውስጥ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ብሯ ከእጇ ወደቀች። እሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከምድጃው ሥር ብሮቹን ይለቅም ገባ። ቀድማ የጠራችውን ሲያገኝ እንደ መስተዋት አብለጨለጨችበት።

"ገደልሻት! ዋጋዋን አሟጠሽ ገደልሻት!"

ወርውሮ ትከሻዋን መታት። ያም አልበቃው፤ ከሙቀጫው ውስጥ ዘነዘናውን መዞ አነሣ። ፍናን እጆቿን ዘርግታ እናቷ ፊት ቆመች። ዘነዘናው በጆሮዋ አጠገብ አልፎ የፍሪጁን በር አጎደጎደው። ደግሞ አነሣ።

"ተው! አንተ ልጅ፣ እናትህን? ተው ብያለሁ!"

ጩኸቱን ሰምተው በሩን ገፍተው የገቡት፣ ከላይ ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤታቸው ጋሼ ዘለቀ ነበሩ። ፌርፋክስ ሰፈር ተጣልቶ እሳቸው ያላስታረቁት ሐበሻ የለም፤ አንዳንዱን ሳይጣላም አስታርቀውታል። ዘነዘናውን ከእጁ ነጠቁት። ክርስቲያን ወለሉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ይዞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሠናይት፣ ያ ሁሉ ከደረሰባት በኋላ፣ ተነሥታ እንባውን ልትጠርግለት አማራት። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

መንገዱ ላይ ሳይረን ተሰማ። የታችኛው ፎቅ ሰውዬ ደውሎ ኖሯል። ጋሼ ዘለቀ በመስኮት አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

"ሠናይት፣ ስሚኝ" አሉ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው። "ልጁ ገና በግሪን ካርድ ነው ያለው። የወንጀል ሪከርድ ከገባበት ያስሩታል፤ ኋላም ዲፖርት ያደርጉታል። አዳለጠኝ በያቸው። ነገ የንስሐ አባታችሁን ይዤ እመጣለሁ፤ እግርሽ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቅሻል። ገመናችንን በቤታችን እንጨርሰዋለን።"

"እሺ፣ ጋሼ።"

ከልቧ ነው እሺ ያለችው። ገብርኤልን ለምና ከሞት አፍ ያወጣችውን ልጅ በአንድ ቃል አሳልፋ ልትሰጠው ነው? እንዴት ተደርጎ! ውሸቱንም በእንግሊዝኛ ታውቀዋለች፤ አምና ለምዳዋለች።

ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ወንዱ ክርስቲያንን ይዞት ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሴቷ የተሰበረውን ሳህን፣ የጎደጎደውን ፍሪጅ፣ ወለሉ ላይ የተቀመጠችውን ሠናይትን ተራ በተራ አየች። ከንፈሯን በፎጣ ይዛ በሩ አጠገብ የቆመችው ፍናን ስለነበረች መጀመሪያ እሷን ጠየቀቻት።

"አፍሽን ምን ሆነሽ ነው?"

ፍናን እናቷን አላየችም። ጋሼ ዘለቀንም አላየችም።

"ወድቄ ነው" አለች በእንግሊዝኛ። "ወለሉ እርጥብ ነበር። ማሚም አዳልጧት ነው።"

ሳትንተባተብ፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ ነው ያለችው። ቃሏ ለስላሳ፣ ፊቷ የተረጋጋ። ጋሼ ዘለቀ በረጅሙ ተነፈሱ። ሠናይትን ግን ዘነዘናው ያላስደነገጣትን ያህል አስደነገጣት። ማን አስተማራት? ማንም ሌላ የለም፤ እዚሁ ቤት፣ ከእናቷ አፍ ነው የተማረችው። ነገ ደግሞ ባል ታገባለች፤ ባሏም ይመታት ይሆናል፤ እሷም በዚሁ ፊት፣ በዚሁ ድምፅ ወድቄ ነው ትላለች። ሠናይት አፈረች፤ ልጇ ፊት እንደዚህ አፍራ አታውቅም።

"አልወደቀችም" አለች።

"ሠናይት!" አሉ ጋሼ ዘለቀ በአማርኛ። "አበድሽ እንዴ? ልጅሽ እኮ ነው!"

"እሷስ የማን ልጅ ናት፣ ጋሼ? ይቅርታ ያድርጉልኝና ይውጡልኝ።"

ከኮሪደሩ ክርስቲያን "ማሚ! ማሚ፣ ንገሪያቸው!" ሲል ተሰማ። ድምፁ አንጀቷን በላው። በደህናው እጇ የፍናንን ቁርጭምጭሚት ያዘች፤ የምትደርስበት እሱ ብቻ ነበር።

"አልወደቀችም፤ እኔም አልወደቅኩም" አለች በእንግሊዝኛ። "አምናም አልወደቅኩም። ልጄ ነው የመታን።"

ፖሊሷ የልጁን ስም እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀቻት። ሠናይት ፊደሉን አንድ በአንድ፣ የአባቱንም ስም ጨምራ፣ ቀስ ብላ ነገረቻት።