ባለ አራት ጣቷ ጠላቂ

«ያቺ ጠላቂ ሴት ሰው አይደለችም፤ ከመዋኛ ልብስ ካታሎግ ላይ የተገለበጠች ሥዕል ናት» ይላል ኦርቪል። ቢንጎ የሚባለው የዕጣ ጨዋታ በሚካሄድበት አዳራሽ ውስጥ ቁጥር ጠሪው ጉሮሮውን ሊያረጥብ ባረፈ ቁጥር ይላል። ሰልፍ ላይ ይላል። ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥም ይላል፤ ሰሚ ካጣ ለማሽኑ ይነግረዋል። ከማን ሰማህ ሲሉት፣ «ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነው» ብሎ ያልፋል። በላስ ቬጋስ «ከተማው ሁሉ ያውቀዋል» ከተባለ አንድም ሰው አያውቀውም ማለት ነው።

ወሬው ያነጣጠረው በአንዲት ሴት ላይ ነበር፤ በላቬርን። ላቬርን ሰማንያን የዘለለች፣ ዕድሜዋን ከቡና ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆማ የጨረሰች፣ ከንፈሯን ሳትቀባ ቆሻሻ እንኳ ለመድፋት የማትወጣ ሴት ናት። በወጣትነቷ፣ ሰማያዊ ኩሬ የሚባለው ሞቴል ሊከፈት በተቃረበበት ሰሞን፣ ቼሪ ፓይ የሚባል ኬክ ሊበላ ቡና ቤቱ የሚመጣ አንድ ቀጭን የታፔላ ሠዓሊ ልሳልሽ ብሎ ለመናት። ታፔላ ቤቱ ጓሮ ወስዶ ወንበር ላይ አቆማት፤ በውሰት የመዋኛ ልብስ፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ እግሯ እስኪንቀጠቀጥ ቆመችለት። ሞቴሉ ሲከፈት ከመንገዱ በላይ ከመስታወት ቱቦ የተሠራች የመብራት ሴት በራች። ትቆማለች፣ ታጎነብሳለች፣ ሰማያዊው ማዕበል ውስጥ ትገባለች፣ ጠፍታ መልሳ ትቆማለች። ሞቴሉ እስኪፈርስ ድረስ በየምሽቱ ጠልቃለች።

«እኔ ነኝ» ትላለች ላቬርን። ማስረጃዋም እጇ ላይ ነው። የግራ እጇን ትንሿን ጣት በልጅነቷ የመኪና በር በልቷታል። የመስታወቷም ሴት የግራ እጅ ጣቶች አራት ናቸው። ቀኝ እጇ ከጭንቅላቷ ጀርባ ስለሆነ አይታይም። «ካታሎግ ጣት ይቆርጣል?» ስትል ኦርቪል አንዳንዴ ዝም ይላል፤ እስከሚቀጥለው የዓርብ ቢንጎ።

ላቬርን ያሳደገቻት የእህቷ የልጅ ልጅ ዴሊያ ናት። ዴሊያ ጎማ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። ኮሌጅ አልረገጠችም፤ ነገር ግን አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ካልገባት ምግብ አይበላላትም። የጎማ ቤቱን መጭመቂያ ማሽን ፈትታ የገጠመችው ማንም ሳያዛት ነው፤ እርግጥ አንድ ብሎን ተርፏታል። በትምህርት ቤት ሳለች የኦርቪልን ወሬ ከደገመች ልጅ ጋር ተደባድባ ጥርሷን አጥታለች። ደግነቱ የወተት ጥርስ ነበር።

በዚያ ጥቅምት፣ ሰማንያ ዓመት የኖረችበትን ከተማ ላቬርን ልትለቅ ነበር። ልጇ ድዋይት እሑድ መጥቶ ሰሜን ወዳለችው ስፖኬን ከተማ ሊወስዳት ተስማምተዋል። ከመሄዷ በፊት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጠላቂዋን እጅ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ፎቶ አንስታ ዓርብ ቢንጎ ላይ ኦርቪል ፊት ማስቀመጥ። ጠላቂዋ ሞቴሉ ከፈረሰ ወዲህ ያለችው ሰዎች የአጥንት ግቢ በሚሉት ቦታ ነው፤ ያረጁ የኒዮን ታፔላዎች በሜዳ ላይ በሚታዩበት ሙዚየም። ላቬርን አንድም ቀን ገብታ አታውቅም።

«ራሴን ለማየት ትኬት ልቁረጥ?» አለች ከዴሊያ ጋር በሩ ላይ ቆማ፣ ስንት ዓመት ስትል የኖረችውን።

«ለከተማው ነዋሪ ቅናሽ አለ፣ አክስቴ።»

«ይባስ! በቅናሽ ልታይ?»

አስጎብኚው ዌንዴል የሚባል፣ ከሰውነቱ ባርኔጣው የሚሰፋ ወጣት ነበር። ሥራ ከጀመረ ብዙም እንዳልቆየ የሚያስታውቀው ንግግሩን እንደ ጸሎት መሸምደዱ ነው። «እማማ፣ እባክዎ ከጠጠሩ መንገድ እንዳይወጡ። ምንም ነገር እንዳይነኩ። ዝገቱ ይቆርጣል፣ መስታወቱ ይሰበራል።»

«እማማ የምትላት የወለደችህን ነው። ደግሞ እኔ እዚህ ውስጥ አለሁ፤ የገዛ አካሌን እንዳልነካ ልትከለክለኝ ነው?»

ዌንዴል ሳቅ ብሎ መንገዱን አሳያቸው።

ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር፤ ጠጠሩ ግን የቀኑን ሙቀት አልተፋም። ዴሊያ ገና ከመግባቷ አክስቷን ረሳቻት። ከአውቶቡስ የሚረዝሙ ፊደላት እንደ ሰከረ ሰው እርስ በርስ ተደግፈዋል። አንዱ ክብ ፊደል ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታ ጫጩቶቿን አሳድጋ ሄዳለች። የአንዱ ሆቴል ቀለም ተልጦ ከሥሩ የሌላ ሆቴል ስም ብቅ ብሏል፤ የከሰረው ባለቤት ተመልሶ የመጣ ይመስላል። አምፖሎቹ የረገፉበት ቀዳዳ ሁሉ የማር እንጀራ መስሏል።

«ይሄ ቱቦ ለምንድን ነው ጥቁር የተቀባው?» አለች ዴሊያ።

«ብርሃኑ እንዳይታይ ነው። ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው የሚሻገረው አንድ ወጥ መስታወት ነው። መሻገሪያው ከበራ ቃሉ ስለሚበላሽ ጥቁር ይቀቡታል።»

«እየበራ ነው ግን አይታይም?»

«እየበራ ነው።»

ዴሊያ ይህን ነገር ወደደችው። ከመስታወቱ ግማሽ ያህሉ የሚሠራው ላለመታየት ነው ለካ። ቀጥላ ደግሞ ቀዩ የትኛው፣ ሰማያዊው የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። ዌንዴል ብዙዎቹ ሳይበሩ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቀለሙን የሚያመጣው ውስጥ የታሰረው ጋዝ ነው አላት። ወደ ቱቦው ጠጋ ብላ አፈጠጠች። ምንም የለም። ባዶ መስታወት።

«ዴሊያ!» አለች ላቬርን ከፊት ሆና። «እኔ እሑድ ልሄድ ነው፤ አንቺ ቧንቧ ታያለሽ!»

ጠላቂዋ መታጠፊያው ላይ ነበረች። በሌሊት አንድ በአንድ ይበሩ የነበሩት ሦስት አካሎቿ በቀን ሁሉም በአንድ ላይ ይታያሉ፤ የቆመችው፣ ያጎነበሰችው፣ የገባችው። አንዷ በሌላዋ ላይ ተደራርባ፣ እግሯ የበዛ፣ ወገቧ የበዛ፣ ከራሷ ጋር የምትታገል ሴት መስላለች። ቀለሟ ደብዝዟል፤ የመዋኛ ኮፍያዋ ላይ ዝገት ወርዷል።

ላቬርን ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ቆመች። ኋላ፣ «ወገቤ እንዲህ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ማንም አያምንም። አንዱ ዓይኔ ታክሞልኛል፣ ሌላው ወረፋ ላይ ነው። አንቺ ቁጠሪልኝ።»

ዴሊያ ቆጠረች። የቆመችው እጅ፦ አራት። ያጎነበሰችው፦ አራት። የገባችው፦ አራት።

«አራት፣ አራት፣ አራት!»

«ብዬሻለሁ!» ላቬርን የግራ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ከመስታወቱ እጅ ጋር አስተካክላ ቆመች። ዴሊያ ፎቶ አነሳቻት። እንደዚያ ቀን ቆንጆ ሆና አታውቅም። አለፍ ብለው የቆሙ ጎብኚዎች እንኳ ነገሩ ሳይገባቸው ፈገግ አሉ። ኦርቪል ዓርብ ምን ዓይነት ፊት እንደሚኖረው ሁለቱም እያሰቡ ተሳሳቁ።

እዚህ ላይ ወደ በሩ ቢመለሱ ኖሮ ነገሩ ሁሉ በዚህ ባለቀ። ዴሊያ ግን ዓይኗ አያርፍም። ከጠላቂዋ ማዶ ገመድ የሚያሽከረክር የካውቦይ ታፔላ ነበር፤ የገመዱን ቱቦ እንዴት አድርገው እንዳጣጠፉት ለማየት ጠጋ አለች። ገመዱን ተከትላ እጁ ላይ ደረሰች። ከጎኑ ጭልፋ የያዘ ወፍራም ወጥ ሠሪ ነበር። ወደ እሱም ዞረች። አእምሮዋ አፏን ሳይቀድም፦

«ይኸኛውም አራት ነው!» አለች ጮክ ብላ። «ይሄም!»

ዌንዴል ደስ አለው። ቀኑን ሙሉ ይህን የሚጠይቅ ሰው ሲጠብቅ የዋለ ይመስላል። «ጎበዝ! ብዙ ሰው አያስተውለውም። ቱቦ አጣፊዎቹ እጅ ሲሠሩ ሁልጊዜ አራት ጣት ነው የሚሰጡት። መስታወቱ ለእያንዳንዱ ጣት ወጥቶ መመለስ አለበት። አምስት ከሆነ ቦታ ይጠባል፣ ከሩቅ ሲያዩት ደግሞ ብርሃኑ ተደባልቆ እጁ ጡጫ ይመስላል። እዚህ ግቢ ውስጥ አምስት ጣት ያለው ካገኛችሁ ንገሩኝ።»

«ሁሉም?» አለች ላቬርን።

«ሁሉም፣ እማማ።» ከዚያ ላቬርን በሩ ላይ የተናገረችውን ያስታወሰ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይዘኑ። ከእርስዎ በፊትም እኔ ነኝ ያሉ ሦስት ሴቶች መጥተዋል። አንዷ ከቱልሳ ድረስ ነው የመጣችው።»

ላቬርን እጇን ከተዘረጋበት አወረደችው። የሌላ ሰው ጓንት በስህተት ያጠለቀች ይመስል አገላብጣ አየችው። ዴሊያ ምላሷን መንከስ ፈለገች፤ ግን ከወጣ በኋላ ምላስ ቢነከስ ምን ሊረባ።

«እኔስ» አለች ላቬርን በመጨረሻ፣ «ስንት ዓመት ሙሉ በመስታወት ጥበት ስኮራ ኖሬአለሁ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ከሚገባው በላይ ረዘመ።

መኪና ውስጥ ዴሊያ አላስችል አላት። «ሰውዬው ግን ስሎሻል አይደል? ወንበር ላይ ቆመሽ?»

«ስሎኛል። ስሎ ምን እንዳደረገው ምን አውቃለሁ? ዓሣ ጠቅልሎበት ይሆናል። ታፔላዋ ስትበራ ጣቷን ቆጠርኩና እኔ ነኝ አልኩ። ማንም አልነገረኝም፣ ዴሊያ። ጣቴ ነው የነገረኝ።»

«ሠዓሊውን ለምን አልጠየቅሽውም?»

«ሎስ አንጀለስ ሄደ አሉኝ። ቢኖርስ? ሄጄ “ያቺ እኔ ነኝ ወይ” ልለው? መሆኔን እያወቅሁ!» መስኮቱን ዝቅ አደረገችው። «አሁን ዝም በይና ንጂ።»

ዓርብ ከመድረሱ በፊት ዴሊያ ለመነቻት። ፎቶው አለ፤ ኦርቪል ካውቦዩን አላየም፣ አያይምም፤ ሙዚየም ለማየት ትኬት የሚገዛ ሰውዬ አይደለም። ፎቶውን አስቀምጠን እንውጣ አለቻት።

«ሌላውን እንዳላየሁ ሆኜ?» አለች ላቬርን። «እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግሁሽ?»

ቢንጎ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኦርቪል ላቬርንን ሲያያት ፊቱ በራ፤ ለስንብት ያዘጋጀው ነገር እንደነበረው ያስታውቃል። «መጣች የካታሎጓ...» ብሎ ሳይጨርስ፣ ላቬርን ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች።

«ኦርቪል፣ ልክ ነህ። ሁሉም ጣታቸው አራት ነው። ካውቦዩም፣ ወጥ ሠሪውም። እኔ መሆኔን በምን አውቃለሁ? አላውቅም። ተሸንፌአለሁ።»

ኦርቪል እጁ ላይ ያለውን የቢንጎ ካርድ ማጥቆሪያ ቀለም አየ። «ከካታሎግ ነው ብያለሁ እኮ» አለ፤ ግን እንደ ሌላ ጊዜው ድምፁ አልወጣም። «ደግሞ ምን አስቸኮለሽ? እሑድ አይደል የምትሄጂው?» ቁጥር ጠሪው ሦስት ቁጥር ጠራ፤ ሁለቱ ኦርቪል ካርድ ላይ ነበሩ፤ አንዱንም አላጠቆረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጠላቂዋ ሲያወራ የሰማው የለም። ጎረቤቶቹ ታሞ ነው ወይ ተባባሉ።

ላቬርን ስፖኬን ገብታ ከገና በኋላ ብዙም በሕይወት አልቆየች። ቀዝቃዛው አገር ሳንባዋን ያዘባት። ድዋይት ስልክ ደውሎ ለጋዜጣ የሚወጣውን የሞት ማስታወቂያ ለዴሊያ አነበበላት፦ የት እንደተወለደች፣ የት እንደሠራች፣ ቢንጎ እንደምትወድ። ከዚያ ጠየቃት።

«የሰማያዊ ኩሬዋ ጠላቂ እናቴ ነበረች ብለን እንጨምርበት?»

ዴሊያ መስማማት ፈለገች። ጥርሷን ያጣችበት ነገር ነው። ነገር ግን አክስቷ ጠረጴዛ ተደግፋ የተናገረችው በጆሮዋ ነበር።

«አትጨምር» አለች። «ራሷ ትታዋለች። የራሷ ባልሆነ ነገር ከቀበርናት ተነስታ ትሰድበናለች።»

«እውነትሽን ነው» አለ ድዋይት። ማስታወቂያው እንደዚያው ወጣ።

በመጋቢት ሙዚየሙ ጠላቂዋን ጠግኖ ሊያበራት መሆኑን ዴሊያ ጎማ ቤቱ ውስጥ በራዲዮ ሰማች። መሄድ አልፈለገችም፤ ሄደች። ሰዉ ተሰብስቧል። መብራቱ ሲለቀቅ ሴቲቱ ቆመች፣ አጎነበሰች፣ ገባች። ማዕበሉ እንደ ጋዝ ምድጃ እሳት ሰማያዊ ነበር። ዴሊያ የጠላቂዋን ጣቶች ላለመቁጠር ወደ እግሮቿ ተመለከተች።

ዌንዴል ከኋላዋ መጣ። ባርኔጣው የለም፤ የተቃጠሉ ጣቶቹ በፕላስተር ተለጣጥፈዋል። ከአስጎብኚነት ወደ ጥገና ክፍል ተዛውሮ ቱቦ ማጠፍ እየተማረ ነው።

«እማማ የት አሉ?»

«አረፈች። በጥር።»

«ወይኔ።» ወደ መብራቷ አየ። «ላቬርንን ስትበራ ቢያዩአት ጥሩ ነበር።»

ዴሊያ ዞረች። «ማንን?»

«ታፔላዋን። ጥገና ክፍል ውስጥ እንደዚያ ነው የምንላት፤ እኔም እዚያ ስገባ ነው የሰማሁት። የሳላት ሽማግሌ ከዚህ ሁለት መንገድ አልፎ ነበር የሚኖረው። ሮስኮ ይባላል፤ ከገና በፊት ሞተ። በየሳምንቱ ይመጣና ባርኔጣውን አንስቶ “ዛሬስ እንዴት ዋልሽ፣ ላቬርን?” ይላት ነበር። ላቬርን ማን እንደሆነች የጠየቀው ግን የለም።»