ከማዘርቦርዱ ጀርባ

ቅዳሜ ምሳ እንደ ተበላ መሬት ቀያሹ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎም ተነሥቶ ቆመ። ታላቅ እህቱ ሰው የሞተ መስሏት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ኮምፒውተሩ ዐርፏል» አለ። «ዛሬ ጠዋት ማብሪያውን ስጫነው አንድ ጊዜ ጧ አለና ጸጥ። ፓወር ሳፕላዩ ነው፣ መብራት የሚያከፋፍልለት ሳጥን። እኔ የሠራሁት ነውና እኔው አስነሣዋለሁ።»

«ነፍስ ይማር» አለች እህቱ፤ ማንኪያዋንም መልሳ አነሣች።

ኮምፒውተሩን የሠራው እሱ አልነበረም። ሚስቱ ናት የሠራችው። ሁለት ቀን ሙሉ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ፣ ብሎኖቹን በስኒ ማስቀመጫ ላይ እየደረደረች ስትገጣጥመው የእሱ ድርሻ የእጅ ባትሪ መያዝ ነበር። እሱንም ሁለት ጊዜ ዐይኗ ላይ አብርቶባት ተቆጥታዋለች። ታዲያ እንግዶች የመጡ ዕለት አንዱ «ይኼን ማን ሠራው?» ቢል ቀያሹን አፉ ቀደመውና «እኔ» አለ። እሷ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች።

ዓመት ከአራት ወር ሆነው። እሱ እሷ እስክትደውል ይጠብቃል፤ እሷም እሱ እስኪደውል። በዚያ ቤት ስሟ አይነሣም። «እኔ የሠራሁት» የሚለው ግን እንደ ቆመ ነው፤ ቀያሽ በገዛ እጁ የተከለውን ችካል፣ ቦታውን እንደ ሳተ ቢያውቅም፣ ለመንቀል ይከብደዋል።

እህቱ «ብቻውን ምን ይበላል» ብላ ለሳምንት መጥታ በዚያው የቀረች ናት። እሷም የራሷ ነገር አላት። እሑድ እሑድ «አበባዋን ላጠጣ» ብላ በረንዳ ትወጣና አንዲት አበባ ለማጠጣት አንድ ሰዓት ይፈጅባታል፤ ስታጠጣም ድምፅዋን አፍና ትስቃለች። አበባዋ በመጨረሻ ሥሯ በስብሶ ሞተች።

«ምን ገደላት?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«ጥም» አለችው፣ ዐይኗን እንኳ ሳታሸሽ። እሱም አመነ፤ ማለት፣ ማመኑ ይሻለው ነበር።

ቀያሹ ከምሳ በኋላ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁን ጎልማሳ ሰፈሩ «ፊውዝ» ይለዋል፤ ቶሎ ስለሚነድ።

«ስንት ዋት ልስጥዎት ጋሼ?»

«የበፊቱ ስድስት መቶ ሃምሳ ይላል።»

«ገመዱ ከሳጥኑ ጋር የተያያዘው ይሁን ወይስ የሚነቀለው?»

«የሚነቀለው! የሚነቀለው ብቻ።»

«ምነው፣ ምን ያጣድፍዎታል?»

«አየር እንዲዘዋወር ነው» አለ ቀያሹ።

አየር አልነበረም ያሳሰበው። ጠዋት የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ አይቷል። ከማዘርቦርዱ፣ ከዋናው ሰሌዳ፣ ጀርባ ሚስቱ ገመዶቹን በየስንዝሩ አስራቸዋለች፤ ያሰረችበትም እሱ ችካል ላይ የሚያስረው ብርቱካናማ የቅየሳ ሪባን ነው። ጫፍ ጫፉን በሰያፍ ቆርጣዋለች። ቀሚሶቿን ይዛ ሄዳለች፤ ኩባያዋን እሱ ራሱ ሲያጥበው ሰብሮታል። እጇ እንዳኖረው የቀረ ነገር በቤቱ ውስጥ ያ ብቻ ነበር። ገመዱ የሚነቀል ከሆነ አሮጌውን ሳጥን መዝዞ፣ አዲሱን በቦታው ከትቶ፣ እነዚያኑ ገመዶች መልሶ መሰካት ነው፤ አንድ ሪባን ሳይነካ።

ፊውዝ ካርቶኑን ካቀበለው በኋላ ጣቱን አነሣ። «ጋሼ፣ የራሱ ገመድ ውስጡ አለ። የድሮውን እንዳይሰኩበት።»

«ከገጠመስ?»

«ጉዱ መግጠሙ አይደል! ቀዳዳው ይመሳሰላል፤ ውስጡን ግን ሁሉም ፋብሪካ እንዳሻው ነው የሚደረድረው። አምስት ቮልት በሚጠብቀው ላይ ዐሥራ ሁለት ይለቁበታል። ከዚያ ዲስክዎን በማንኪያ ይጠርጉት!»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«እንግዲያስ እኔን ምን አስለፈለፈኝ!» ብሎ ነደደ ፊውዝ።

ቤት ሲደርስ ኮምፒውተሩን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ካቻቢቴና መቀስ አምጥቶ የኋላውን አራት ብሎኖች አወጣና አሮጌውን ሳጥን ከነአቧራው ጎተተው። አዲሱን ፋኑን ወደ ታች አዙሮ አስገባ፤ ብሎኖቹን መለሰ። አዲሶቹ ገመዶች ከከረጢታቸው ሳይወጡ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ የአሮጌውን ገመድ ጫፍ ያዘና ወደ አዲሱ ሳጥን አስጠጋው። ቀጭ ብሎ ገባ። እንዲህ ደስ የሚል ድምፅ በዚያ ቤት ከተሰማ ቆይቷል።

እህቱ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ አንድ እጇ በሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው።

«ከረጢቱን አትከፍተውም?»

«ትርፍ ነው።»

«ፊውዝ ምን አለህ?»

«ምን ይለኛል? ፊውዝ እኮ ጡብም ይቃጠላል የሚል ሰው ነው።»

ሁለተኛውን ሰካ። ሦስተኛውንም። ዲስኩ ላይ የሰባት ዓመት ፎቶ አለ፤ ከግማሹ በላይ እሷ ናት። ሪባኖቹን አያቸው። መቀሱን አየው። መቀሱን ሊያነሣው አልቻለም። ዋናውን ገመድ ግድግዳው ላይ ሰካና ጣቱን ወደ ማብሪያው ላከ።

«አንተ ልጅ፣ ተው!» ጮኸች እህቱ። «በድሮው ገመድ እንዳታበራው፣ ይነዳል ብላሃለች!»

ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«ማናት ያለችኝ?»

እህቱ ወደ በረንዳው፣ ወደ ባዶው የአበባ ማሰሮ ተመለከተች።  መልሱ የመጣው ግን ከሽርጧ ኪስ ነው፤ ቀጭን፣ የታፈነ፣ ግን ዓመት ከአራት ወር ቢያልፈውም የማይሳት ድምፅ።

«እትዬ? አበራው እንዴ?»

ቀያሹ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለ። የሰካቸውን ሦስቱንም አንድ በአንድ አወጣ። መቀሱን አንሥቶ የመጀመሪያውን ሪባን ቆረጠ፤ ቁራጩን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተ። አዲሶቹን ገመዶች ከከረጢቱ ዘርግፎ አገላብጦ አያቸው። ከዚያ ለእህቱ ሳይሆን ለሽርጧ ተናገረ።

«የትኛው የት እንደሚገባ አላውቅም» አለ። «ያኔም አላውቅም ነበር። እኔ ባትሪ ነው የያዝኩት።»

 እህቱ የሽርጧን ኪስ ወደ እሱ አዞረች።

«እትዬ» አለ ድምፁ፤ «ስልኩን ከኪስሽ አውጪው። የሚለው በደንብ አይሰማኝም።»