የሦስተኛው ቀን ዶማ

ዋንጌቺ ባሕር ባየች ቁጥር ሳቅ ያፍናታል። ሞምባሳ ላይ ሳቀች፣ ኪሊፊ ላይ ሳቀች፤ ማሊንዲ ላይማ ጫማዋን በእጇ ይዛ እስከ ጉልበቷ ገባችና፣ ማዕበሉ ቀሚሷን ሲያበሰብሰው የልጅ ልጆች ማየቷን ረስታ እልል አለች። ባሏ ጋቶጎ በዚያ ሙቀት የሱፍ ኮፍያውን እንዳጠለቀ ዳር ቆሞ አቃቂር ያወጣል። ሞምባሳ ጆሮ ያደነቁራል። ኪሊፊ ትንኙ አያስተኛም። ማሊንዲ ደግሞ ሻዩ ለብ ያለ ነው! ሰው በለብ ያለ ሻይ ከተማ ይጥላል?

ባልና ሚስቱ ዕድሜያቸውን በንዬሪ ብርድ ሻይ ቅጠል ሲለቅሙ ኖረው፣ እርሻውን ለልጃቸው ለኪሞቶ አስረክበዋል። ዋንጌቺ የቀረችዋን ዕድሜ ከባሕር አጠገብ ልኑራት ብላ ስትወተውተው፣ ጋቶጎ «እንከን የሌላት ከተማ ካገኘሽ እሺ፤ ካጣሽ ግን ተመልሰን ከኪሞቶ ጓሮ ቁጭ ነው» አላት። ቁጭ ማለት በእውነትም ቁጭ ማለት ነው፤ ምራታቸው ቴሌቪዥኑን ትከፍታለች፣ እነሱ ያያሉ። አሁን የቀረቻቸው ከተማ በደሴት ላይ ያለችው ላሙ ብቻ ነበረች።

ላሙ ደግሞ መኪና የለ፣ ጥሩምባ የለ! መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ ዋንጌቺ ሁለት እጇን ዘርግታ ግራና ቀኙን ግድግዳ እየዳሰሰች ሄደች። ፎቁን ያከራየቻቸው ማማ ሙኒራ የምትባል ባልቴት ናት። ሁለት ቀን ሙሉ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ቦምቦሊኖ የመሰለ ትኩስ ማሃምሪ እያቀረበች «ብሉልኝ! በሞቴ ብሉልኝ!» አለቻቸው። ጋቶጎ ሦስቴ እየደገመ በላና፣ አፉን ጠርጎ፣ «ዓሣው እሾህ በዛበት» አለ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ!

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግን ማሃምሪ የለም፣ ሻይ የለም። ማማ ሙኒራ ደረጃውን ወጥታ ጋቶጎን ዶማ አስታቀፈችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዶማ ነዋ! ንዬሪ ዶማ የለም እንዴ?»

«ምን ላድርገው?»

«የጓሮውን ካሳቫ አረም ዋጠው። በሉ እንጂ፣ ፀሐይ ሳይበረታ!» ብላው ወረደች።

ጋቶጎ ዓይኑ ፈጠጠ። እነሱ አገር ሽማግሌ እንግዳን ማሠራት ቀርቶ ወንበሩን ራሱ እንዲስብ አይተዉትም።

«የኪሞቶ እናት፣ አየሽ? እንግዳ ሲያስቆፍሩ! ሻንጣሽን ዝጊ! በቀትሩ ጀልባ እንሄዳለን!»

ዋንጌቺ እንባዋ መጣ። የመጨረሻዋ ከተማ ከእጇ ወጣች። ደረጃውን እየተደናቀፈች ወርዳ «ማማ፣ ምነው ጉድ ሠራሽኝ?» አለች።

ማማ ሙኒራ ሳቋን ለቀቀችው። «እኛ ዘንድ እንግዳ ሁለት ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ዶማ ይሰጠዋል። ሲባል አልሰማሽም?»

«ተዋረድኩ እያለ ነው እኮ!»

«የምን ውርደት? የሚሄድ ሰው መች ዶማ ይሰጠዋል? የሚሄደውን እስኪሄድ እያበላን እንሸኘዋለን። ትናንት ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንደዚያ ስትንከተከቺ አይቼሽ የምትቀሩ መስሎኝ ነው። ካልሆነም ይቅር፤ ዶማዬን መልሱልኝና ቁርሳችሁን ላምጣ።»

ዋንጌቺ ተመልሳ ወጣች። ጋቶጎ ከደረጃው ጫፍ ቆሟል፤ ሁሉንም ሰምቷል።

«በል አምጣው፣ ልመልስላት» አለችና እጀታውን ያዘች። አልለቀቀም። ብትስበውም አልለቀቀም።

«ልቀቀው እንጂ የኪሞቶ አባት!»

«ቆይ አንዴ!» አለ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ኪሞቶ ዶማ ስነካ ካየ ሮጦ ይነጥቀኛል። ‹አባዬ፣ በቃህ፣ አረፍ በል› ይለኛል። እርሻውን ከሰጠሁት ወዲህ እኮ አንድ ሰው ‹ና ሥራ› ብሎኝ አያውቅም።»

ዋንጌቺ ክው አለች። ያን ሁሉ ከተማ ሲያብጠለጥል እሷ ባሕሩን የጠላ መስሏት ነበር። ለካ ያስመረረው ያለ ሥራ መቀመጡ ኖሯል። እጀታውን ለቀቀችለት።

ጋቶጎ ዶማውን ገልብጦ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረ። «ለመሆኑ ይሄን ማነው የሳለው? እጀታውስ እንዲህ ይላላል?» እያለ፣ እየተቆጣ ወደ ጓሮ ወረደ።

ቀትር ላይ ጀልባ ነጂው ከታች «መንገደኞች! ኧረ ውረዱ!» ብሎ ጮኸ። ዋንጌቺ በመስኮት እስከ ወገቧ ወጥታ «ሂድ! ሂድልኝ!» አለችው።

«ሻንጣውስ እማማ?»

ከጓሮ በኩል የባሏ ድምፅ አስተጋባ። ኮፍያውን አውልቆ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ በጣቱ መሬቱን ይወነጅላል። «የኪሞቶ እናት! ይሄ አፈር ነው ወይስ አሸዋ? ምኑን ሲያበቅሉ ኖሩ እነዚህ ሰዎች? ነገ ፍግ ያስፈልገናል!»

«ነገ?» አለች ዋንጌቺ።

«ነገ ነዋ! ዛሬማ አረሙ መች አልቆ!»