በቃሽ የማይባልበት ግድግዳ

የጂሙን ባለቤት «ደረቱ» እንለዋለን፤ የትም ሲገባ ከሱ ቀድሞ ደረቱ ስለሚገባ። ያን ቀን ጠዋት ቢሮው አስጠርቶ ፊቱን የለቅሶ ቤት ፊት አድርጎ ጠበቀኝ። ገና ሳየው ደሜ ፈላ።

«ተቀመጪ፣ እህቴ» አለኝ። እህቴ ብሎኝ አያውቅም።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ከሰኞ ጀምሮ የምታሠሪውን የጠዋት የሴቶች ስፖርት ክፍል ሌላ አሠልጣኝ ይይዘዋል። አንቺ እንግዳ መቀበያው ጋ አረፍ ትያለሽ። ደሞዝሽ አይነካም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም! ሕመምሽን ሰምተን አዝነን ነው እንጂ።»

የመገጣጠሚያ ሕመሜን እዚህ ቤት ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ይቆለፋሉ። ቀድሜ መጥቼ መታጠቢያ ቤት ሙቅ ውኃ ሥር ይዣቸው እቆማለሁ፤ ሲፈቱልኝ ወጥቼ አሠራለሁ። ሐኪሜ ራሱ «መንቀሳቀስ ከተውሽ ይብስብሻል» ብሎኛል። ያ ክፍል እንጀራዬ ብቻ ሳይሆን መድኃኒቴም ነው። ይሄ ሰውዬ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሊያደርቀኝ ነው እንግዲህ፣ ያውም አዝኖልኝ!

«ማን ነገረህ?»

«እህትሽ ናት። እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ለመነችኝ። ‹እኔን አትሰማኝም፣ አንተ በቃሽ በላት› አለች። እኔም ሰው ነኝ...»

በሩን ዘግቼበት ወጣሁ። «አምላኬ፣ ከወዳጄ አንተ ጠብቀኝ፣ ከጠላቴ እኔ እጠነቀቃለሁ» ያለው ሰው እህት ሳትኖረው አልቀረችም።

ታላቅ እህቴ አዳራሹ ውስጥ፣ ከሴቶቹ ሁሉ ፊት ቆማ ጠበቀችኝ። የምንኖረው አብረን ነው፤ ጣቶቼ እምቢ ሲሉ ጸጉሬን የምታስርልኝ እሷ ናት። ስፖርት የጀመረችውም በኔ ጭቅጭቅ ነው። ፈገግ አለችልኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ እኛ ግን በግትርነት አንድ ቀለም ነን።

«ሁላችሁም ወደ ግድግዳ!» አልኩ።

ጀርባን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ በሌለ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። በኔ ክፍል ይህ ሕግ አለው። ሰዓት አልይዝም፣ ለማንም በቃሽ አልልም። የደከማት ራሷ «በቃኝ» ብላ ትወርዳለች፤ ዞራ የምታያትም የለችም። የገዛ ገላዋን የምታውቀው እሷው ናት። ይህን ሕግ ያወጣሁት ሰው ሁሉ በኔ ገላ ላይ ሲወስን ስለመረረኝ ነው።

እኔም ከእህቴ አጠገብ ተለጠፍኩ። ደረቱ በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

«እታለም፣ ደረቱ ጋ ሄደሽ ነበር?» አልኳት፣ ፊቴን ሳላዞር።

«ብርጭቆ ከእጅሽ ሲወድቅ የማየው እኔ ነኝ» አለች በሹክሹክታ። «ልቤ አልቻለም።»

«ልብሽ ካልቻለ ልብሽን አሳርፊያ! በኔ እግር ምን አገባሽ?»

«ላንቺው ብዬ ነው!»

«ለኔ ብለሽ ገደልሽኝ።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ «በቃኝ» እያሉ ወረዱ። የግራ ጉልበቴ ጮኸ። በዚያ ደረት ፊት ጥርሴን ነክሼ ብቆይ በወደድኩ፤ ግን የራሴን ሕግ በእልህ አላፈርስም። ጮክ ብዬ «በቃኝ!» አልኩና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ደረቱ «አላልኩም?» በሚል ራሱን ነቀነቀ።

እህቴ ብቻ ቀረች። ጭኗ ይንቀጠቀጣል፣ ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል። በቃኝ ማለት መሸነፍ መስሏታል፤ አውቃታለሁ። ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ አየኋት። አላዘንኩላትም።

«ንገሪኝ እንጂ!» አለች በመጨረሻ፣ እንባዋ እየመጣ።

«ምን ልንገርሽ?»

«በቃሽ በዪኝ!»

«እኔ ምን አውቄ? እግሩ ያንቺ ነው።»

ትክ ብላ አየችኝ። ነገሩ ሲገባት ከፊቷ ላይ አነበብኩት።

«በቃኝ» አለችና በግድግዳው ተንሸራታ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

ደረቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ...»

«አንተ ዝም በል!» አለች እህቴ። «የለመንኩህ እኔ ነኝ፣ ልመናዬን አንስቻለሁ። ራሷ በቃኝ ብላ ስትመጣ ያኔ ታስቀምጣታለህ።»

ደረቱ ወደ ሴቶቹ ዞረ። ዓይኗን የሰበረችለት አንዲትም የለች። «እሺ... ትቀጥል» አለና ደረቱን ይዞ ወጣ።

እህቴ «አንሺኝ» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር።

«ራስሽ ተነሺ» አልኳት።