ከመስታወቱ ጀርባ ያለው እጅ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግድግዳው ይጠይቃል።

«ቆመ?» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዘበኛው በዚያ ሰዓት ወንበሩ ላይ አይገኝም። ጦርና ጋሻ ወደተሰቀለበት ክፍል ሄዶ አቧራ የሚያይ መስሎ ይቆማል። ጥያቄው ግን በሩን አልፎ ይከተለዋል። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከሰኞ በቀር፣ አንድም ቀን ቀርቶበት አያውቅም። ሰኞ ግንቡ ዝግ ነው፤ ያኔም ቤቱ ሆኖ ጆሮውን ይበላዋል።

አሮጌው ግንብ ጣሪያው ወድቆ ለብዙ ዘመን የሌሊት ወፍ ሲሰፍርበት ከኖረ በኋላ ነው ታድሶ ሙዚየም የሆነው። ሥዕሉ፣ የነገሥታቱ ልብስና የወርቅ ኩባያው ሁሉ ተደርድሮበታል። ጎብኚ የሚጋፋው ግን እጁ ዘንድ ነው። በመጨረሻው አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ በኖራው ውስጥ የታተመ የቀኝ እጅ መዳፍ አለ። ትንሿ ጣት ከግማሽ በላይ የለችም። መስታወት ተገጥሞለታል፣ መብራት በርቶለታል። ከጎኑ ያለው ጽሑፍ «ስሙ ያልታወቀ ግንበኛ እጅ፤ ዕድሜው አራት መቶ ዓመት ገደማ» ይላል።

አስጎብኚው ሬዲዮ ይባላል፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም።

«ይህ ሰው፣ ጌቶቼ፣ ንጉሡን ፊት ለፊት ‹ግንብህ ጠሟል› ያለ ነው! ጣቱን ያስቆረጠው ምላሱ ነው!»

ጎብኚዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሲወጡ ዘበኛው፣ «አንተ ሬዲዮ፣ ትናንት ያስቆረጠችው ንግሥቲቱ አልነበረችም እንዴ?» አለው።

«ምን ላድርግ ወንድሜ፣ የትናንቶቹ አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ።»

ጣቷን ንጉሥም ንግሥትም አልቆረጣትም። ሁለት ድንጋይ መሃል ገብታ ነው የቀረችው። ዘበኛው ይህን ያውቃል፤ ደሙን በሸሚዙ የጠቀለለው እሱ ነው። እጁ የታላቅ ወንድሙ ነው።

ግንቡ ሲታደስ ሁለቱም እዚያው ግንበኞች ነበሩ። ሙያቸው አንድ ወግ አለው። ግድግዳውን የጨረሰ ሰው ኖራው ሳይደርቅ መዳፉን ያሳርፍና «ቆመ?» ብሎ ይጠይቃል። ጓደኛው ከታች ሆኖ ግድግዳው መቅናቱን በቱንቢው ክር አይቶ «ቆሟል» ይለዋል። ከዚያ እጁ በስስ ኖራ ይሸፈናል። መልስ ሳይሰማ ከግድግዳው የሚርቅ የለም።

የዚያን ቀን ጠዋት ታላቅየው የታናሹን ልስን በሰው ፊት አስፈረሰው። «አንተ ጭቃ፣ እማ በጭልፋ ብትለስነው ከዚህ ይሻል ነበር» አለው። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ታናሽየው አኮረፈ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመወጣጫው «ቆመ?» የሚል ሰማ፤ ኖራውን እያቦካ ዝም አለ። «ቆመ?» አሁንም ዝም አለ፤ እንዲያውም ደስ አለው። «አንተ ጭቃ፣ ቆመ ወይ?» በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ታላቅየው፣ ‹ይህ ልጅ የት ገባ› ብሎ ሊያየው ወደ ኋላ ዘንበል አለ፤ የቆመበት እንጨት ከዳው። ከወደቀበት አልተነሣም።

ሥራው ለወራት ተቋረጠ። በኋላ የመጡት ሌሎች ሰዎች ነበሩ። አቧራ የለበሰውን እጅ ሲያገኙ የጥንት ነገር አገኘን ብለው ጮቤ ረገጡ። ታናሽየው የልስን ማንኪያውን ጥሎ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። እናቱ እስከ ዛሬ ያንን እንጨት ትረግማለች።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጇ ሬዲዮን አስከትላ መጥታ መስታወቱን እንዲከፍት አዘዘችው። «ነገ ባለሙያዎች ይመጣሉ። ዕድሜውን እንዲመረምሩት ከመዳፉ መሃል ቆርሰው ይወስዳሉ» አለች።

ቁልፉን አወጣ፤ መስታወቱን ግን አልከፈተም። ዝም ቢል የወንድሙን መዳፍ ሊበሱት ነው። ቢናገር ደግሞ እጁ ለምን ሳይሸፈን ቀረ መባሉ አይቀርም።

«እትዬ፣ አይቁረሱት። እጁ የወንድሜ ነው።»

ሬዲዮ ሳቀ። «የአራት መቶ ዓመት ወንድም! አንተስ ስንት ሞላህ?» ከዚያ የዘበኛውን ፊት አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ።

ሥራ አስኪያጇ ረጋ ብላ፣ «ታዲያ ለምን ሳይሸፈን ቀረ?» አለችው።

ሁሉን ነገራት። ስለ ኩርፊያው፣ ስለ ሦስቱ ጥያቄዎች፣ ዝም ሲል ደስ ስላለው። እሷም የሱ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። አፏን ልትከፍት ስትል፣

«ቆመ?»

ቀና አለች። «ማነው?»

ሬዲዮ ወደ በሩ አፈገፈገ። ዘበኛው ግን ዛሬ አልሸሸም። ከኮቱ ኪስ የወንድሙን ቱንቢ አወጣና ክሩን ከግድግዳው አጠገብ ለቀቀው። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው እርሳስ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ፣ ረጋ። ክሩ ከላይ እስከ ታች ከግድግዳው ጋር እኩል ወረደ።

«ቆሟል» አለ። «ቆሟል፣ ወንድም ጋሼ።»

ቤት ሲገባ ለእናቱ ነገራት። እንጨቱን መርገም ተወች። እሱንም አልረገመችውም፤ እራቱን አቀረበችለትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ባለሙያዎቹን መለሰች፤ ጽሑፉም ተነሣ። እጁን በስስ ኖራ የሸፈነው ራሱ ዘበኛው ነው።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ምንም የለም። ዓርብም ምንም የለም። ቅዳሜ ዕለት ተነሣና መዳፉን በነጩ ግድግዳ ላይ አሳረፈ። ኖራው ይቀዘቅዛል።

«ቆመ?» አለ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ሬዲዮ ደወሉን እየመታ ሁለት ጊዜ ጠራው። ዘበኛው እጁን አላነሣም። መልስ ሳይሰማ ከግድግዳው የሚርቅ የለም።